ፍተሻ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣
የጅማ ዝናብ ሲያጉረመርም ከላይ፣
ከባጃጅ ትወርዳለች ረዚቃ፣
ሸራ ጫማዋ ገና ካሁኑ ጭቃ።

እኔ የማረሚያ ቤቱ በር ነኝ፤ አስራ አንድ ዓመቴ።
ዓይኔ ቢያንቀላፋም አይተኛም ጣቴ፦
በዳቦ ሆድ ውስጥ ሲም ካርድ፣
በሹሩባ መሐል ክብሪት፣
በሕፃን ካልሲ ውስጥ የሁለት መቶ ኖት፣
ምን አምልጦኝ ያውቃል?

«እጅሽን ዘርጊ» እላታለሁ።
ቴፑን ገልብጬ ባትሪውን እቆጥራለሁ፤ አራት።
ጫማዋን አራግፋለሁ፤ ጭቃ።
መዝገቡ ላይ «ሌላ ዕቃ» በሚለው ረድፍ
«ምንም» ብዬ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ወር ግድግዳ መደገፍ ነበር፣
«ለማን ሰርግ ነው?» እየተባባሉ መላከፍ።
ዲንቄ ጉልበቷን ይዛ፦
«ልጄ፣ እግሬን የማውቀው ውሃ ልቀዳ ሲሄድ ነው፤
ፍርድ ቤት ሲሄድ ነው፤
ለራሱ ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም» አለች።

አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤
የቴፑ ድምፅ ሰምጦ፣ ከውስጡ ሄደ።
ረዚቃ ቴፑን ዘጋች።
«በሉ እንግዲህ፣ ሰማዩ ይመታልናል» አለች፤
ጆሮዋን ለጣሪያው ሰጥታ
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች።
መጀመሪያ ያነሳችው ዲንቄ ናት፤ ያንን ጉልበት።
ከኋላዋ የአስራ ሦስት ሴት እግር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ባንድነት።

ሙንተሃ ያን ቀን ከራሷ አንድ እርምጃ ጨመረች፦
ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ጎን፣
ከዚያ ተረከዝን አንስቶ መጠበቅ፣
ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ ልጅን እንደ መጠበቅ።

ልጇ ሲትራ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው።
በጠያቂ መዝገብ ላይ ስሟ ከጠፋ ሁለት ክረምት።

ሐሙስ ሐሙስ ረዚቃ ሂርማታ ናት፤ ወጣት ማዕከል፤
መነኸሪያ ማስቲካ ከሚያዞሩት፣
ደላላ «ዱባይ» እያለ ከሚከተላቸው፣
ያክስት ቤት በር ከተዘጋባቸው መሐል።
ያቺን እርምጃ አሳየቻቸው፤ የማን ናት ሳትል።
ሲትራ ተረከዟን አንስታ ቆመች። ቆየች።
ቀጥሎ ያልተባለችውን አንድ ዙር ዞረች፤
የፈጠነ፣ የተቆጣ፣
ጀርባ በመስጠት የሚያልቅ።

ማክሰኞ ያ ዙር በእኔ በር ገባ።
ባትሪ፣ አራት። ሌላ፣ ምንም።

በመስኮት አየሁ፤ ማየት ሥራዬ ነውና።
ረዚቃ ዞረች፤ ጀርባዋን ሰጠች።
ሙንተሃ በቆመችበት ቀረች።
እናት የልጇን ኩርፊያ ከጀርባ ታውቃለች።

ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ እይዘው ነበር።
ስልክ ቢሆን ጣቴ ያገኘው ነበር።
ይህ ግን በሁለት ጭቃ ጫማ ውስጥ
ማክሰኞ ይገባል፣ ማክሰኞ ይወጣል፤
ሐሙስ ተጨምሮበት ይመለሳል።
ለአዛዡ ምን ልበል? በየትኛው አንቀጽ?

እንዲህ ሲሉ ክረምቱ አለቀ።
መስከረም ላይ የመጣው ዙር ያው ዙር ነበር፤
የፈጠነ፣ የተቆጣ፤
መጨረሻው ላይ ግን ፊቱን መልሶ የቆመ።
ሙንተሃ አላለቀሰችም።
ውሃ ጠጣች። «ድገሚው» አለች።
«ድገሚው።»

ያን ማታ ከፈረቃ ስወጣ፣
የአዌቱን ድልድይ አልፌ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣
በመንግሥት ቦት ጫማ
ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ጎን።
ተረከዜን አንስቼ ቆምኩ።
ማንን እንደምጠብቅ ግራ ገባኝ፤
ግን ቆየሁ፤ አንድ ባጃጅ አልፎ ጭቃ እስኪረጨኝ።

ዛሬም ማክሰኞ ነው። እጇን ዘረጋች።
«ምን ይዘሻል?» አልኳት፤ ዓይን ለዓይን።
መልስ የለም። ጫማዋን አወለቀች።

ባትሪ፦ አራት።
ጭቃ፦ ብዙ።
ሌላ፦